መዋጮው እንደ አቅም ይሁን

ባለ ፎቁ አቶ ሽብሩ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ፣ «አብረን እየኖርን ምን መበላለጥ አለ? የኮብልስቶኑ መዋጮ ለሁሉም እኩል ይሁን» ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ደሙ ፈላ። እጁን እንኳ ሳያወጣ ተነሳ።

«ሦስት መኪና የሚነዱት እርስዎ፣ እኔ ግቢ ተከራይታ ቆሎ እየሸጠች ከምታድረው ከዘርፌ ጋር እኩል ሊከፍሉ ነው? መንገዱን የሚቆፍረው የማን ጎማ ነው? የዘርፌ ነጠላ ጫማ ነው? ያለው እንዳለው ይክፈል እንጂ ድሃ ላይ መጫን ግፍ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መዋጮው እንደ አቅም እንዲሆን ተወሰነ፤ አቶ ሽብሩም አንገታቸውን ደፉ። እሱ ግን ንዴቱ አልበረደለትም፤ ስግብግብ ሀብታሞችን እየረገመ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከስብሰባው ቀድማው የገባችው ዘርፌ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ስለኛ ስለተናገሩልን እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች ቀጠለች። «የመብራቱንም ነገር ቢያዩልኝ ብዬ ነው። እርስዎ ቤት ምድጃውም ፍሪጁም የሻወር ማሞቂያውም አለ፤ እኔ ያለችኝ አንዲት አምፖል ናት። ሂሳቡን ግን እኩል ነው የምንካፈለው።»

ደሙ እንደገና ፈላ።

«አብረን እየኖርን» አላት፣ «ምን መበላለጥ አለ?»