ጭንቅላቱ ወደ ውጭ የዞረው ዓሣ

ሙሽራው የዓሣ ኩሬው ዳር ያለችውን የወፍ ጉድጓድ በጭቃ ደፍኖ ገና እጁን ሳይታጠብ፣ ያቺ እፍኝ የማትሞላ ሰማያዊ ወፍ ዓሣ በአፏ ይዛ ከች አለች። ኩሬው ዳር የተተከለ እንጨት ላይ አረፈችና ዓሣውን ግራና ቀኝ እያላተመች ቀጠቀጠችው። ግን አልዋጠችውም።

የኩሬው ባለቤት፣ የሚስቱ አባት፣ ከኋላው ቆሞ በሳቅ ፈረሰ። "አንተ ሙሽራ! የዓሣው ጭንቅላት ወዴት እንደዞረ አየህልኝ? ለራሷ ቢሆን ወደ ጉሮሮዋ አዙራ ትውጠው ነበር። ወደ ውጭ ካዞረችው ለልጆቿ ነው፣ እንዲህ አድርጋ ነው የምታጎርሳቸው።"

ሙሽራው ክው አለ። "ጋሼ፣ ጉድጓዱ ባዶ ነው ብለውኝ አልነበር እንዴ?"

"ባዶ ነው ካላልኩህ መች ትደፍነዋለህ? እሷ ዓሣዬን ስትጨርስ አንተ ታዝንላታለህ! ልጄን ለሆደ ቡቡ መስጠቴ ነው የሚቆጨኝ።"

ወፏ በረረችና ከጭቃው ጋር ተላተመች። ተመልሳ እንጨቱ ላይ ተቀመጠች፣ ዓሣውን ግን አልለቀቀችም። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ሰካ። ከውስጥ የጫጩቶቹ ጩኸት በስሱ ይሰማል። አንዴ ዛቅ ቢያደርገው ይከፈታል። ዞር ሲል ሰውዬው ሳቁን ትቶ፣ ዓይኑን የሙሽራው ጣቶች ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

ሙሽራው ጣቶቹን አወጣና ሌላ እፍኝ ጭቃ ለጠፈበት። ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ በመዳፉ ጠቀጠቀው።

"ጎበዝ፣ ልጄ!" አለ ሰውዬው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

ከሠርጉ ወዲህ "ልጄ" ሲለው የመጀመሪያው ነበር። ሙሽራውም፣ ጉድ እኮ ነው፣ ደስ አለው።