ከሐዘን ክፍል የመጣችው ልጅ

የወረዳው ማኅበራዊ አገልግሎት ችግረኛ እስኪመጣለት መጠበቅ ካቆመ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ችግሩ ሳይደርስ ቀድሞ ቤት ያንኳኳል። ለየሺመቤት ጎረቤት ለአቶ ሽብሩ ምርኩዝ ያመጡላቸው እግራቸው ከመሰበሩ ሦስት ሳምንት በፊት ነበር።

ስለዚህ የሺመቤት ከአገልግሎቱ የሐዘን ክፍል የመጣችውን ልጅ በሯ ላይ ስታይ ዓይኗ ወዲያው ወደ መኝታ ቤቱ ዞረ። ባሏ ደምሰው ከክረምት ጀምሮ ያስለዋል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በከንቱ አይመጡም።

"ጉንፋን ነው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ልጅቷ ምድጃው ላይ የሚንተከተከውን ሽሮ ስታይ ቆየችና "እትዬ፣ ቤት ውስጥ ምግብ የሚሠራው ማነው?" አለች።

"እኔ ነኛ።"

"ጋሽ ደምሰውስ ይችላሉ?"

የሺመቤት ጥያቄው አልጣማትም። "እሱ? እሳት እንኳ ለኩሶ አያውቅም። ምነው?"

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ መዘገበች። "እንግዲያው ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ ለጋሽ ደምሰው ምግብ የሚያመላልስ ሰው እንመድባለን።"

የሺመቤት ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች።

"የሰው ወጥ አይወድም" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ተጣራች።

"ደምሰው፣ ና እስቲ ሽንኩርት ክተፍ።"