ያልተከፈተው ሳጥን

የአንድያ ልጇ አስከሬን ከጦር ግንባር በታሸገ ሳጥን ሲመጣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች “አይከፈትም” ብለው ያዟት። ሳታየው ቀበረችው፤ ሰባት ዓመትም ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ ኖረች።

ዛሬ ለስኳር በሽታ ጥናት ምራቅ ከሰጠችበት ክሊኒክ ጠሯት። ሲስተሯ ኮምፒውተሯን እያየች፣ “እማማ፣ ምራቅዎ የተመዘገበበት የዘረመል መዝገብ ላይ አዲስ ሰው ገብቷል። ከእርስዎ ጋር ሲመሳከር ልጅዎ ነው ይላል” አለቻት።

“የኔማ አፈር ከለበሰ ቆየ። ተሳስተው ነው፤ ሰርዢው የኔ ልጅ።”

“ብሎክቼይን ነው እማማ፤ አንዴ የተጻፈው በሺህ ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ማንም አይሰርዘውም። ምራቁን የሰጠው ባለፈው ማክሰኞ ነው።”

ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች። “የት ነው ያለው?”

“እሱ ራሱ ካልፈቀደ ለእኛም አይታይም። በመዝገቡ በኩል ጠይቀነው ነበር።”

“ምን አለ?”

ሲስተሯ አቀርቅራ አነበበችላት። “አዲሱን ስሜንም ያለሁበትንም ለእናቴ እንዳትነግሩ።”