ሳይሽከረከር የተከፈተ ብልቃጥ

ላብራቶሪው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «እትዬ አሽከርክሩ» ይላታል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ከሰላምታ አስቀድማ የምታስተምረው አንድ ነገር ነው፦ የደረቀ ፕሮቲን ያለበትን ብልቃጥ ከመክፈት በፊት ማሽከርከሪያው ማሽን ውስጥ ከትቶ ማሽከርከር፤ ያን ጊዜ ዱቄቱ ወደ ታች ይወርዳል። ዱቄቱ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው። መንገድ ላይ ሲንገላታ ክዳኑ ላይ ይለጠፋል። ሳያሽከረክሩ ከከፈቱት ብን ብሎ ይጠፋል፤ መጥፋቱንም ማንም አያውቅም።

«እትዬ፣ የሚጠጣውንም ውሃ አሽከርክረን እንክፈተው እንዴ?» ይሏታል።

«ተሳለቁ! ሲደርስባችሁ ታዩታላችሁ።» አብራቸው ትስቃለች፤ ከዚያ ዓይኗን ትሰብራለች።

እሷ ላይ ደርሷላ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት።

ያኔ ባሏ ገና ባሏ አልነበረም። «እንደምን አደርሽ» ሲላት እንኳ ግድግዳውን የሚያይ ዓይን አፋር ወጣት ተመራማሪ ነበር። ለምርምሩ የሰው ፕሮቲን ታዘዘለት። የሰው ይባል እንጂ ከሰው የተቀዳ አይደለም፤ የሰው ጂን የገባላቸው ባክቴሪያዎች ያመረቱት ነው። የፕሮቲኑ ሥራ የስብ ሴሎች ውስጥ ያለውን ስብ መሰባበር ነው። ሙከራው ከተሳካ ተመራማሪው ለአምስት ዓመት ውጭ አገር የመማር ዕድል ያገኛል። የላብራቶሪው ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር የድጋፍ ደብዳቤውን ጽፈው ጨርሰዋል። እናቱማ ሻንጣ ገዝተው ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይተዋል።

ብልቃጡ በመጣ ማግስት እንድታሟሟው ሰጣት። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሐሳቧ እሱ ጋ ነበር። ክዳኑን በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርገው ሳያስቸግራት ተነሣ። ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው። አላሽከረከረችውም።

ወደ መብራቱ ቀና አድርጋ አየችው። ምንም የለም። ድሮስ ሊታይ ነው? ፈሳሹን ጨመረችበት፣ በሃያ ትንንሽ ቱቦ ከፋፈለችው፣ ስሙንና ቀኑን ጽፋ ፍሪዘር ውስጥ አስገባችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ፕሮቲኑ የተጨመረባቸው የስብ ሴሎች እንደ ወፈሩ ቀሩ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ተሞከረ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ለመሆኑ ይህን ማነው ያሟሟው?» አሉ ፕሮፌሰሩ አንድ ቀን፣ ወደ እሷ ዞር ብለው።

«እሷ ምንም አላጠፋችም» አለ ተመራማሪው ካፋቸው ነጥቆ። «ፕሮቲኑ መንገድ ላይ ሞቆ ተበላሽቶ ነው።»

ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሻንጣው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። እሷ በጸጸት ሻይ ታመጣለት ጀመር፤ ከሻዩ ወሬ መጣ፣ ከወሬው ሠርግ።

ከተጋቡ ጀምሮ ሲያንኮራፋ ቀስቅሳው አታውቅም። እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ሲጥል ታነሣለች እንጂ አትናገረውም። አማቷ «እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ትገኛለች?» ባሉ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ያወቀ ቀን ትቷት እንደሚሄድ አትጠራጠርም።

ባለፈው ሳምንት ያው ፕሮቲን ለሌላ ሥራ ተገዛ። ወጣቶቹ አሽከርክረው ከፈቱት፤ ሴሎቹ ላይ ጨመሩት። በማግስቱ ስቡ ተሰባብሮ ተገኘ።

«ዶክተር፣ ታዲያ ያኔ እርስዎን ለምን አቃተዎት?» አሉት ባሏን እየሳቁ።

ባሏ አልሳቀም። ከሥራ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ አንድ ቃል አልወጣውም። በቃ፣ ነቅቶብኛል አለች በልቧ።

«እስቲ ዳር ያዝልኝ።»

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«ያኔ ብልቃጡን ሳላሽከረክር ነው የከፈትኩት። ዱቄቱን በትኜ ባዶ ውሃ ነው የሰጠሁህ። ዕድልህን የበላሁት እኔ ነኝ። ከፈለግህ ዛሬውኑ እናቴ ቤት እሄዳለሁ።»

መኪናውን አቁሞ መሪውን እንደ ጨበጠ ቀረ። ወደ እሷ ሳይዞር የፊት መስታወቱን ብቻ አየ።

«አንቺ የበተንሽው ነገር የለም» አለ በመጨረሻ። «በመጣበት ቀን ዱቄቱን እኔው ራሴ አጥቤ ደፍቼ፣ ባዶውን ብልቃጥ ነው የሰጠሁሽ፤ አንቺን ትቼ ላለመሄድ።»