ባለ ግራጫ ጃኬቱ ሰውዬ

ሺዮሪ ሰውዬውን መጀመሪያ ያየችው ዓሣ ነጋዴው ጋ ነው። ግራጫ ጃኬት ለብሷል፤ አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኗል። በጥር ብርድ ኦሳካ ውስጥ ጭምብል ያላደረገ ማን አለ? ነገሬም አላለችው።

ቀጥሎ አትክልት መሸጫው ውስጥ አየችው። እጁ ጥቅል ጎመን ያገላብጣል፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ክው አለች።

የሚያስፈራት ነገር ነበራት። ከመንፈቅ በፊት ልጇን ኮሃሩን ይዛ ከናጎያ የጠፋችው የባሏን ዱላ ሸሽታ ነው። ባልየው «ሚስት ሞልታለች፤ ልጄን ግን ካለችበት አስመጣታለሁ» እያለ በየዘመዱ ቤት መዛቱን ሰምታለች። አንዴ ወስዶ እጁ ካስገባት ደግሞ ማስመለስ ዘበት ነው። ሰው ቀጥሮ እንደሚያፈላልጋት አልጠፋትም። ሰፈሩን ደርሶበት ይሆናል፤ ቤቱን ግን አላገኘውም። ቤቱ ካልተገኘ ኮሃሩም አትገኝም።

ስለዚህ አሁን ወደ ቤት መሄድ የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው እስኪሰለቸው ድረስ ታዞረዋለች።

ጣሪያ የለበሰውን የገበያ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ካልሲ ገዛች። የማትፈልገውን የሻይ ስኒ ዋጋ ጠየቀች። መድኃኒት ቤት ገብታ በሌላው በር ወጣች። ዞር ስትል ከኋላዋ ነው፤ ስትቆም ይቆማል። ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። ይሄ ድፍረቱ ይበልጥ አስፈራት።

ሰው የበዛበት ይሻላል ብላ፣ ሥጋና ሽንኩርት በእንጨት እየተሰካ በዘይት የሚጠበስበት ጠባብ ቤት ገባች። ቆሞ ነው የሚበላው። ስጎው በቆርቆሮ ቀርቦ የጋራ ነው፤ አንዴ መንከር እንጂ የነከሱትን መልሶ መንከር ነውር መሆኑን እዚህ ከተማ ሕፃንም ያውቀዋል። ሺዮሪ የሽንኩርቱን ጥብስ ጎረሰች።

«አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጠባሹ ጮኸ። «የነከስከውን መልሰህ ትነክራለህ? ከአሁን በኋላ ይሄን ማን ሊበላልኝ ነው? በል አንተው ጠጣው!»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሺዮሪ ቀና ስትል ባለ ግራጫ ጃኬቱ ነው። ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ስጎ የሚንጠባጠብ እንጨት ይዞ ቆሟል። አላፈረም፤ እሷኑ ያያል።

ሒሳቧን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። እየሮጠች ታጠፈች፣ ደግሞ ታጠፈች፤ የሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ጋ ስትደርስ የሴቶቹን በር መጋረጃ ገልጣ ዘው አለች። እዚህ እንኳ ወንድ አይገባም!

ልብሷን አውልቃ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሙቅ ውሃ ብታፈስበትም ሰውነቷ መንቀጥቀጡን አልተወም። ትንሽ ቆይቶ አንዲት አሮጊት ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ ሳሙና አታውሺኝም? የኔን ረስቼው መጣሁ» አሉ። ቧንቧውን ከፈቱና ዘለሉ። «ውይ! ይሄ ቀዝቃዛው ነው ለካ!»

ሺዮሪ ሳሙናውን ስታቀብላቸው እጇን አዩት።

«ምነው፣ በዚህ ሙቀት ትንቀጠቀጫለሽ? ዙሪ እስቲ፣ ጀርባሽን ላሽልሽ። ቶሚዬ እባላለሁ። እዚሁ ጓሮ ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬያለሁ፣ እንግዳ አይደለሁም።»

ራቁቱን ሆኖ ጀርባህን ያሸልህን ሰው አትጠረጥርም፤ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ እንደዚያ ነው። ሺዮሪ የስድስት ወሩ እንባዋ መጣ።

«ሰው እየተከተለኝ ነው፣ እማማ። ቤቴን ካወቀ ልጄን ይወስዱብኛል።»

«ባለ ግራጫ ጃኬቱ ነው? ስገባ አይቼዋለሁ፣ ደጅ ተገትሯል። ቆይ ብቻ፣ አሳየዋለሁ!»

ሲወጡ እውነትም ሰውዬው ማዶ ቆሟል። ቶሚዬ እርጥብ ፎጣቸውን እያወናጨፉ ተንደረደሩበት።

«አንተ እፍረተ ቢስ! ሴት ታጥባ እስክትወጣ ደጅ የምትጠብቅ ምን ዓይነት ወንድ ነህ? እናት የለህም? ና እስቲ፣ ፊትህን ለሰፈሩ አሳይ! ኧረ ፖሊስ ጥሩልኝ!»

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ሰውዬው እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ። ሺዮሪ እዚያው ቁጢጥ ብላ ተንሰቀሰቀች።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ። ብቻሽንማ አትሄጂም። በርሽ ድረስ አደርስሻለሁ።»

ሺዮሪ በየመታጠፊያው ወደ ኋላ አየች። ማንም የለም። ትንፋሿ መለስ አለላት። የቶሚዬን ክንድ ይዛ ደረጃውን ወጣችና በሩን አንኳክታ «እኔ ነኝ» አለች። ኮሃሩ የእናቷን ድምፅ ለይታ ከፈተች።

ቶሚዬ ከቦርሳቸው ከረሜላ አወጡ፤ የኦሳካ ባልቴት ያለ ከረሜላ ከቤት አትወጣም።

«እንኪ የኔ ቆንጆ። ኮሃሩ ማለት አንቺ ነሽ? እናትሽ ጎበዝ ናት፣ ታዘዣት እሺ?»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

ሺዮሪ ግንባሯ ጉልበቷን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አለች። «ይሄን ውለታዎን በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም።»

«ምን ውለታ አለው! ይልቅ ግቢና በርሽን ቆልፊ።»

ቶሚዬ ደረጃውን ወርደው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ ጥግ የቆመ መኪና ውስጥ ገቡ።

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ዳር ያለው በር፤ ልጅቷም እዚያው ናት» አለችው አሮጊቷ መሪውን ለያዘው ባለ ግራጫ ጃኬት፣ «ለአባትየው ደውልለት።»