ያዝ

ከውሾች መጠለያ ያመጡት ግዙፍ የጥበቃ ውሻ በመካከላቸው ተኝቶ ነበር። ሴትየዋ የበሩን ቁልፍ ለባሏ ዘረጋችለትና እንደ ልማዷ፣ "እንካ፣ ያዝ" አለችው። ውሻው ብድግ ብሎ የባሏን የእጅ አንጓ በጥርሱ ያዘ።

"ምን አልሽው?" አለ ባልየው ሳይንቀሳቀስ።

"ላንተ እኮ ነው ያልኩት።"

"እሱም ወንድ ነው፤ እሱን ያዘዝሽ መስሎታል። በይ አስለቅቂኝ።"

"ልቀቅ" አለች። "ተው" አለች። የቀድሞ ጌቶቹ ምን ብለው ያስለቅቁት እንደነበር የነገራት የለም። ውሻው ጥርሱን አላጠበቀም፤ አላላላምም። ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ ጭራውን ይቆላል። የታዘዘውን ፈጽሞ ምስጋናውን የሚጠብቅ ይመስላል። እሷም፣ "ጎበዝ" አለችው።

ውሻው አፉን ከፈተ። የባልየው እጅ ግን በለሃጭ እንደራሰ፣ እንደተዘረጋ ቀረ።