የላይ አገር ሚኒስትር

መምህር መባ ወረታ ውስጥ የዜግነት ትምህርት ያስተምራሉ። የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ በንባብ ብቻ አይገባም ባይ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቀን ክፍሉን ለሁለት ከፈሉትና ግማሹን ላይ አገር፣ ግማሹን ታች አገር አደረጉት። ወንዙ አንድ ነው፤ ግድቡ ያለው ላይ አገር ነው። በሳምንት ስንት ቀን ውሃ ይለቀቅ የሚለውን ተደራድረው ይወስኑ ተባለ።

የላይ አገር ሚኒስትር ሂክማ ሆነች፤ የታች አገሩ ታጁ። መምህሩ የፎገራ ገበሬ ልጅ ናቸውና፣ በመስኖ ጊዜ ውሃ እንደሚያካፍለው የውሃ አባት፣ ሁለቱን በየተራ ወደ በረንዳው ጠሩ። እያንዳንዱ ለብቻው ያስብበት ብለው በጆሮ ተናገሩ። ለሂክማ፣ እስከ ሦስት ቀን ብትለቂ አገርሽ አይጎዳም አሏት።

ሂክማ ሱቅ ውስጥ ያደገች ናት። አባቷ መሐመድአወል የመጨረሻ ዋጋውን ለሚስቱም አይነግርም። እሷ ግን ለአማካሪዋ ለመስከረም ነገረቻት። መስከረም የገጠር ልጅ ናት፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። አባቷ ያጩላትን ሰው ጥላ፣ ፈተናው ሲያልቅ ወንዛዬ ያለች አክስቷ ዘንድ ልትጠፋ ማሰቧን የምታውቀው ሂክማ ብቻ ነበረች።

ድርድሩ ተጀመረ። ሂክማ በአንድ ቀን ልትጀምር አስባ ነበር፤ ታጁ ቀደማት።

"ሦስት ቀን። ከዚያ በታች አንቀበልም።"

ልክ በጆሮዋ የተነገራት ቁጥር ነው። ሁለት ብትለው ንቅንቅ አላለም። ዞር ስትል መስከረም አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች። ጠዋት እሷና ታጁ ከአንድ ባጃጅ ሲወርዱ ማየቷ ትዝ አላት፤ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት።

መስከረም ጠጋ ብላ፣ "የውሃ አባት እኮ..." ማለት ስትጀምር ሂክማ እጇን ገፋችው። ሆዷን የሰጠቻት ጓደኛዋ ናት የሸጠቻት። አንገበገባት፤ እንባዋ መጣ። ብድግ ብላ ለክፍሉ ሁሉ ተናገረች።

"አማካሪዬን አባርሬያታለሁ። አባቷ ያጩላትን ሰው ጥላ በፈተናው ማግስት ወንዛዬ አክስቷ ዘንድ ልትጠፋ የምትዶልት ልጅ፣ ለእኔ ትታመናለች ወይ?"

ከኋላ ወንበር ለመስከረም የታጨው ሰው ወንድም ሰውመሆን ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ። የመስከረም ዓይን በሩ ላይ ቀረ።

ሂክማ እንባዋን ጠርጋ፣ ምስጢሬ ለታጁ እንዴት እንደወጣ ይጣራልኝ ስትል ለመምህሩ አመለከተች።

መምህር መባ ግራ ገባቸው። "የምን ምስጢር፣ ልጄ? የውሃ አባት ለላዩም ለታቹም የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ እኔም ለሁለታችሁም ሦስት ነው ያልኩ።"